ቬክተር ስትሬንግዙ 0.1 ነው፤ ታዲያ ነርቩ ሰነፍ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂዋ በፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ቬክተር ስትሬንግዝ የነርቭ ምቶች፣ ማለትም ስፓይኮች፣ በማነቃቂያው ዙር ውስጥ ምን ያህል አንድ ቦታ እንደሚሰበሰቡ ከ0 እስከ 1 የሚለካ ቁጥር ነው። ጥያቄውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ዶክተር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት በኤሌክትሪክ አካባቢውን ከሚቃኝ አሳ የተቀዳ ዳታ ነው። አሳው አፕቴሮኖተስ ይባላል። ዳታው በነጻ የተለቀቀ ነው፤ የእኔ ሥራ ትንተናው ብቻ ነው። አሳው አምፕሊቲዩዱ (የምልክቱ ጉላት) በሰከንድ 4 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ማነቃቂያ ተሰጥቶታል። ከቆዳው የሚነሳው ነርቭ ቬክተር ስትሬንግዙ 0.1 ሆነ። አንጎሉ ውስጥ ያለው ሴል ግን 0.5 ሰጠኝ። አንጎሉ ከቆዳው የበለጠ ይሰማዋል ማለት ነው? ስንት ዙር ቢቀዳስ ነው በቂ የሚባለው? አማካሪዬ ደግሞ ‹ጣና አጠገባችን እያለ ለምን የሌላ ሰው ዳታ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጎርጎራ ወርደሽ አስጋሪዎቹን ብትጠይቂ ቆሮሶና አምባዛ፣ ሲቀናቸው ደግሞ ነጭ አሳ ያሳዩሻል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ሞርሚሪድ የሚባሉት የአፍሪካ አሳዎች ጣና ውስጥ የሉም። ከአባይ በታችኛው በኩል አሉ፤ ግን ጢስ አባይ ፏፏቴ አለ። 40 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ውኃ ዘልሎ ወደ ሐይቁ የሚወጣ አሳ የለም። አምባዛ በቆዳው ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰማበት ተቀባይ አለው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እሱ ከሌላ አካል የሚመጣን ዝግ ያለ የኤሌክትሪክ መስክ ነው የሚያዳምጠው። አንቺ የያዝሽው አሳ የሚያደርገውን፣ ማለትም የራሱን ምልክት እየላከ በእሱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ማንበብ፣ አምባዛ አያደርገውም። ስለዚህ ጥናትሽን ወደ አምባዛ ብታዞሪው ጥያቄው ራሱ ይቀየራል።

አማካሪሽ «እሺ፣ የአገራችን ይሁን» ካሉ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ጂምናርከስ ኒሎቲከስ አለ። ሃንስ ሊስማን እ.ኤ.አ. በ1951 ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ እንደሚልክ ያሳየው ይህንኑ የአባይ ተፋሰስ አሳ ነው። የዘርፉ መነሻ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ብቻ ጂምናርከስ አድጎ ከ1 ሜትር ተኩል ሊያልፍ የሚችል፣ ሲቆጣ የሚናከስ አሳ ነው። ለጠረጴዛ ላይ ሙከራ አይመችም። ደግሞ ከባሮ አሳ አምጥቶ ጣና አካባቢ ማኖር የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። ጣና ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው፤ አንድ ባዕድ አሳ ቢያመልጥ የሚመልሰው የለም። የሰው ዳታ ይሻልሻል። ነውርም የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በአጭሩ መልሱ «አይደለም» ነው። 0.1 እና 0.5 በቀጥታ የሚወዳደሩ ቁጥሮች አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ አሳው ምን እንደተሰማው መጠየቅ አለብሽ። ብዙ ተማሪ ይህን ዘልሎ ነው ወደ ኮዱ የሚገባው።

አፕቴሮኖተስ የደቡብ አሜሪካ አሳ ነው። ጅራቱ በኩል ያለው የኤሌክትሪክ አካሉ ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ በሰከንድ ከ600 እስከ 1000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ምልክት በዘርፉ ሰዎች አፍ ኢኦዲ ይባላል። አሳው ቆዳ ላይ ፒ-ዩኒት የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። እነሱ የሚከታተሉት የራሱ ኢኦዲ ምን ያህል እንደጎላ ነው። ድንጋይ ወይም ትንሽ ነፍሳት አጠገቡ ሲያልፍ ኢኦዲው እዚያ ቦታ ላይ በትንሹ ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል። ሌላ አሳ ሲመጣ ደግሞ የሁለቱ ምልክት ይደባለቃል። የአንዱ 800፣ የሌላው 804 ቢሆን ድምሩ በሰከንድ 4 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ክራር ሲቃኝ ሁለት ክሮች ለመግጠም ጥቂት ሲቀራቸው የሚሰማው «ዋው ዋው» የሚል ነገር አለ አይደል? እሱው ነው፤ ስሙ ቢት ይባላል። አንቺ የያዝሽው የ4 ኸርዝ ማነቃቂያ እንግዲህ ለአሳው ትርጉም አለው። ኢኦዲው ከእሱ ጋር የተቀራረበ ሌላ አሳ መጣ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሙከራው ላይ ይህን የሚፈጥሩት በዘዴ ነው። አሳው እንዳይንቀሳቀስ ከኩራሬ ወገን የሆነ መድኃኒት ይወጋል፤ ውኃ በአፉ በኩል በቱቦ እየገባ በስንጥቡ ይወጣል። በአብዛኞቹ ኤሌክትሪክ አሳዎች ኩራሬ ኢኦዲውን ያጠፋዋል፤ አካሉ ከጡንቻ የተሠራ ነውና። አፕቴሮኖተስ ግን የኤሌክትሪክ አካሉ የነርቭ ጫፎች ስብስብ ስለሆነ ኢኦዲው አይቋረጥም። ይህ አሳ በላቦራቶሪ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ መሣሪያው የአሳውን ኢኦዲ ይከታተላል፤ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር የሚገጥም ሞገድ ያወጣል፤ ያንን በ4 ኸርዝ ሳይን ያባዛዋል፤ ውጤቱን በኤሌክትሮዶች ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ውኃው ውስጥ ከአሳው ኢኦዲ ጋር ሲደመር አምፕሊቲዩዱ በሰከንድ 4 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ፋይሉ ውስጥ «ስቲሙለስ» ተብሎ የተቀመጠው ዓምድ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ያዘዘው ቮልቴጅ ነው። አሳው ቆዳ ላይ የደረሰው አይደለም። በሁለቱ መካከል ማጉያው፣ ማዳከሚያው፣ የውኃው የመምራት አቅም፣ የኤሌክትሮዶቹ ርቀት፣ የአሳው ትልቅነት ሁሉ አሉ። ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ሁለት ጫፍ ያላት ትንሽ ኤሌክትሮድ ቆዳው አጠገብ አስቀምጦ እዚያ ያለውን መስክ ይለካል። ከዚያ የሞዱሌሽኑን፣ ማለትም የከፍ ዝቅታውን፣ መጠን ለኢኦዲው መጠን አካፍሎ በመቶኛ ያስቀምጠዋል፤ ኮንትራስት የሚሉት ይህን ነው። ዳታሽ ውስጥ ቆዳው አጠገብ የተቀዳ ቻናል ካለ ፈልጊው። ካገኘሽው የላይኛውን ጠርዝ አውጪና ኮንትራስቱን ራስሽ አስይ። ከሌለ ሁለት የተለያዩ አሳዎች ላይ የተቀዱ ሴሎችን በጌይን፣ ማለትም ለተሰጣቸው ማነቃቂያ ምን ያህል እንደመለሱ፣ ማወዳደር አትችይም። ነርቩ የመለሰውን ታውቂያለሽ፤ የተጠየቀውን ግን አታውቂም።

ፒ-ዩኒቱና የአንጎሉ ሴል ከአንድ አሳ መቀዳታቸውንም አረጋግጪ። ሁለቱ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ኮንትራስት የተቀዱ ከሆኑ ጥያቄሽ ገና ከመነሻው ይፈርሳል።

ቀጥሎ ስፓይኮቹ። የኢኦዲው ፍሪኩዌንሲ ስፓይክ ካለበት ክልል ጋር ይደራረባል። ስለዚህ በፊልተር ብቻ አይለያዩም፤ የመቁረጫ መስመርሽን ዝቅ ካደረግሽ የምትቆጥሪው ነርቩን ሳይሆን ኢኦዲውን ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። በተከታታይ ስፓይኮች መካከል ያለውን ክፍተት በሂስቶግራም አስቀምጪ። የ800 ኸርዝ ኢኦዲ አንድ ዙር 1.25 ሚሊሰከንድ ነው። ፒ-ዩኒት ከሆነ በ1.25 ብዜቶች ላይ፣ ማለትም በ2.5፣ በ3.75፣ በ5 ላይ የተደረደሩ ጉብታዎች ታያለሽ። ነርቩ ከኢኦዲው ጋር እየተጣበቀ፣ አንዳንዱን ዙር እየዘለለ ነው የሚመልሰው። አንድ ጉብታ ብቻ፣ እሱም 1.25 ላይ፣ ካየሽ ግን ጠርጥሪ። በእያንዳንዱ ዙር አንዴ የሚተኩስ ቲ-ዩኒት የሚባል ሌላ ተቀባይ አለ፤ አፕቴሮኖተስ ላይ ግን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የቆጠርሽው ኢኦዲውን የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ሌላም ምልክት አለ። የ«ስፓይኮችሽ» ቁመት ከማነቃቂያው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ስፓይክ አይደሉም።

ይህን ካየሽ ሌላ የሚያምታታ ነገር ይገባሻል። አንድ ፒ-ዩኒት ሁለት ቬክተር ስትሬንግዝ አለው። አንዱ ከኢኦዲው ዙር አንጻር ነው፤ ይሄ ወደ 1 ይጠጋል። ሌላው ከ4 ኸርዙ ሞዱሌሽን አንጻር ነው። አንቺ 0.1 ያገኘሽው ሁለተኛውን ስለሆነ እዚህ ላይ ደህና ነሽ። ሆኖም ጽሑፍሽ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጻፊ። ፈታኝሽ ይጠይቁሻል።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ቬክተር ስትሬንግዝ የሚለካው ስፓይኮቹ በዙሩ ውስጥ ምን ያህል አንድ ቦታ እንደተሰበሰቡ ነው። ምን ያህል ስፓይክ እንዳለ አይነግርሽም። የነርቩ ፍጥነት በሳይን መልክ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ግን ቆንጆ ግንኙነት አለ፦ አማካይ ፍጥነቱን በቬክተር ስትሬንግዙ፣ ከዚያም በ2 ብታባዢው ፍጥነቱ ከአማካዩ በላይና በታች ምን ያህል እንደሚሄድ ታገኛለሽ።

አማካይ ፍጥነቶቹን አልላክሽልኝም፤ ለእነዚህ ሴሎች የተለመዱ ቁጥሮችን ልውሰድ። ፒ-ዩኒትሽ በሰከንድ 250 ስፓይክ ይሰጣል እንበል። 250 ሲባዛ በ0.1 ሲባዛ በ2፣ 50 ይሆናል። ማለትም ከ200 እስከ 300 ይወዛወዛል። የአንጎሉ ሴል ደግሞ በሰከንድ 15 ይስጥ። 15 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ2፣ 15። ከ0 እስከ 30 ማለት ነው። ያው ማነቃቂያ «ሰነፉን» ነርቭ በ50፣ «ጎበዙን» በ15 አንቀሳቀሰው። 0.1 ትንሽ የመሰለሽ የሚካፈልበት አማካይ ትልቅ ስለሆነ ነው።

የአንጎሉ ሴል 0.5 ላይ መቀመጡም ሌላ ነገር ይጠቁማል። ንጹሕ ሳይን ከ0.5 በላይ መሄድ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ ፍጥነቱ ከዜሮ በታች መውረድ ነበረበት። ስለዚህ ሴልሽ በዙሩ አንድ ክፍል ላይ ዝም እያለ ሊሆን ይችላል። 0.6 ወይም 0.7 የሚሰጡ ሴሎች ላይ የሰጠሁሽን ስሌት አትጠቀሚ። እዚያ በዙሩ ውስጥ ያለውን የስፓይክ ሂስቶግራም እንዳለ ማሳየት ይሻላል። ሴሉ ስፓይኮቹን በእሽግ በእሽግ፣ ማለትም በበርስት፣ የሚለቅ ከሆነም ቬክተር ስትሬንግዙ ያድጋል። ጋቢያኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳዩት አንዱ ነገር ይህንን ይነካል። የእነዚህ የአንጎል ሴሎች ሥራ ማነቃቂያውን ነጥብ በነጥብ መገልበጥ ሳይሆን «አሁን ወጣ» ወይም «አሁን ወረደ» የሚለውን ለይቶ ማሳወቅ ነው፤ በርስቶቹም ይህን ከነጠላ ስፓይኮች በተሻለ ያደርጉታል።

«ወጣ» እና «ወረደ» ካልን፦ አንዳንዶቹ ሴሎች አምፕሊቲዩዱ ሲጨምር ይነቃሉ፤ ኢ-ሴል ይባላሉ። ሌሎቹ ሲቀንስ ነው የሚነቁት፤ አይ-ሴል ይባላሉ። ፌዛቸው፣ ማለትም በዙሩ ውስጥ የሚነቁበት ቦታ፣ በግማሽ ዙር ያህል ይራራቃል። ሁለቱን ሳትለዪ አንድ ላይ አማካይ ካወጣሽ ይጠፋፋሉና «አንጎሉ ምንም አይመልስም» የሚል ግራፍ ይወጣልሻል።

ታዲያ ከሁለቱ ማን ይበልጥ ያውቃል? ለዚህ የመወዛወዙ መጠን ብቻ አይበቃም፤ ከግርግሩ፣ ማለትም ያለ ማነቃቂያም ከሚኖረው የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ጋር መወዳደር አለበት። ፒ-ዩኒት እዚህ ላይ አንድ ጸባይ አለው። አጭር ክፍተት ካሳለፈ ቀጥሎ ረጅም ይመጣል፤ ረጅም ካሳለፈ አጭር። አንዱ ሌላውን ያካክሳል። በዚህ የተነሳ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ያለው የስፓይክ ቁጥር በጣም የተረጋጋ ነው፤ ትንሽ ለውጥም ቶሎ ይታያል። በሌላ በኩል የአንጎሉ ሴል ብዙ ፒ-ዩኒቶችን ይሰበስባል። ስንት እንደሚሰበስብ እንደ ቦታው ይለያያል። ኢኤልኤል የሚባለው የአንጎል ክፍል አራት ካርታዎች አሉት፤ ሦስቱ ከፒ-ዩኒቶች ይቀበላሉ። ማዕከላዊው ጥቂት ተቀባዮችን ይዞ ዝግ ያለ ለውጥን ይመርጣል። የዳሩ ብዙ ይዞ ፈጣኑን ይመርጣል። ስለዚህ አንድ የአንጎል ሴል ከአንድ ፒ-ዩኒት ቢበልጥ አይገርምም። ሁሉም ፒ-ዩኒቶች አንድ ላይ ሆነው ከሚያውቁት በላይ ግን ሊያውቅ አይችልም፤ ከቆዳው ያልመጣ መረጃ ከየት ያመጣል?

በተጨማሪ አንጎሉ ሆን ብሎ የሚያጠፋው አለ። ማነቃቂያው መላ ሰውነቱን የሚነካና ዝግ ያለ ከሆነ ከላይ የሚመለስ ግብረ መልስ ያንን ይሰርዘዋል። ጆሴፍ ባስቲያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። ይህ በጎላ የሚታየው በላይኛው ሽፋን ባሉት፣ በሰከንድ ጥቂት ስፓይክ በሚሰጡት ሴሎች ላይ ነው። አራት ኸርዝ እዚህ ክልል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማነቃቂያው በጎንና ጎን በተቀመጡ ትልልቅ ኤሌክትሮዶች ተሰጠ ወይስ ቆዳው አጠገብ ባለች ትንሽ ጥንድ? ከዳታው ጋር የመጣውን መግለጫ አንብቢ። መላ ሰውነቱን በነካ ማነቃቂያ አንድ ሴል 0.05 ቢሰጥሽ ቀረጻው ተበላሽቷል ብለሽ አትጣዪው። ሴሉ ሥራውን እየሠራ ይሆናል።

ስንት ዙር ለሚለው፤ ዙር ሳይሆን ስፓይክ ነው የሚቆጠረው። ስፓይኮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ቢበተኑ እንኳ ቬክተር ስትሬንግዙ ዜሮ አይሆንም። በግምት 0.9ን ለስፓይኮቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስታካፍዪ የሚገኘውን ይሆናል። በ10 ስፓይክ 0.28 በባዶ ሜዳ ታገኛለሽ። በ100 ስፓይክ 0.09። መሰብሰቡ በአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚፈትነው የሬይሊ ፈተና ደግሞ የስፓይኩን ቁጥር በቬክተር ስትሬንግዙ ስኩዌር አባዝቶ ያያል። ውጤቱ 7 ከደረሰ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሺህ አንድ በታች ነው። ለ0.5 ሴልሽ 28 ስፓይክ ይበቃል። ለ0.1 ፒ-ዩኒትሽ 700 ያስፈልጋል፤ እሱም በ3 ሰከንድ ውስጥ ይገኛል። አየሽ፣ ቀረጻውን ካስረዘምሽው ሁለቱም «ሲግኒፊካንት» ናቸው። ያ ቃል ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ግን ሬይሊ እያንዳንዱ ስፓይክ ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ያምናል። አሁን እንዳልኩሽ ፒ-ዩኒት እንደዚያ አይደለም፤ በበርስት የሚተኩስ ሴልም አይደለም። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ማነቃቂያ ያልተሰጠበትን ቀረጻ ውሰጂ። ከማነቃቂያው እኩል ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ቆራርጪው። 4 ኸርዝ እንደነበረ አስመስለሽ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቬክተር ስትሬንግዝ አስይ። የሚወጣው ስርጭት የዚያው ሴል የራሱ ግርግር ነው። የማነቃቂያው ቁጥር ከዚያ ስርጭት ውጪ ከዋለ ምላሽ አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፕሽ ባትሪ ይጠናቀቃል። ማነቃቂያው ሲጀምር ያለውን የመጀመሪያ 1 ሰከንድ ጣዪው፤ ፒ-ዩኒት ቶሎ ስለሚላመድ እዚያ ያለው ፍጥነት ቀሪውን አይወክልም።

ከሳይን ባሻገር ዳታው ውስጥ በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ሞዱሌሽን፣ ኖይዝ የሚሉት፣ ካለ እሱን ሳትነኪ አትለፊ። በአንድ ቀረጻ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ ያሳይሻል። እዚያ ላይ የሚሠራው መለኪያ ኮሂረንስ ነው፤ ማነቃቂያውና ምላሹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል፤ በየፍሪኩዌንሲው ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ሆኖ ግርግሩንም ስለሚያካትት «ማን ይበልጥ ያውቃል» ለሚለው ጥያቄሽ ከቬክተር ስትሬንግዝ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ለምዕራፍ ሦስትሽ ለእያንዳንዱ ሴል አንድ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጂ። አማካይ ፍጥነቱን ያለማነቃቂያና በማነቃቂያ ጊዜ፣ የስፓይኩን ብዛት፣ ቆዳው ላይ የተለካውን ኮንትራስት፣ ቬክተር ስትሬንግዙን፣ ፌዙን፣ የመወዛወዙን መጠን አስቀምጪ። ኢ-ሴልና አይ-ሴልን ለይተሽ። አማካይ ፍጥነቶቹን ላኪልኝና የ50 እና የ15ቱን ስሌት በራስሽ ቁጥሮች እንድገመው።